የዘበኛው ክፍል ዕድሜ

ፀዳለ ከሁለት ወር በፊት ገንዘብ ከፍላ ያስለሰነችውን ግድግዳ ዛሬ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በመዶሻና በመሮ እያፈረሰች ነው። ለሳኙ የዋዛ ሰው አልነበረም። «እህቴ፣ ቤቱ ይወድቃል እንጂ ይሄ ልስን አይወድቅም» ብሏት ነበር፤ ቃሉን ጠብቋል። ሲሚንቶውን ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ገዝታ፣ አሸዋውን በጋሪ አስጭና፣ የሰውየውን የሁለት ቀን ዋጋ ሳትከራከር ከፍላ፣ በላዩ ላይ ክሬም ቀለም አስቀብታ ያሳመረችው ግድግዳ ነው። በዚህ አገር ሥራ በጥራት የሚሠራው ባለቤቱ በኋላ ሊያፈርሰው የሚፈልግ እንደሆነ ብቻ መሆኑን ያወቀችው ዛሬ ነው። አንድ ጊዜ ስትመታ ጥፍር የምታክል ስባሪ ትወርዳለች፤ አቧራው ፀጉሯ ላይ ሰፍሮ ገና በአርባ ስድስት ዓመቷ አሮጊት አስመስሏታል።

አባቷ አቶ ሰይፈሥላሴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በተከፈተው በር ያዩአታል። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ደህና ነው፣ ዐይናቸው ደህና ነው፣ አንደበታቸው ግን ሃያ ሁለት ቀን ሆነው ከተዘጋ። የተዘጋው ለልጃቸው ብቻ ነው እንጂ ዳቦ ከሚያመጣው የሱቅ ልጅ ጋር፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር፣ አጥሩን ከሚዘሉት ድመቶች ጋር ሳይቀር ያወራሉ። በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ውስጥ መኳረፍ ቀላል አይደለም፤ ለደህና ኩርፊያ ቢያንስ ሦስት ክፍል ያስፈልጋል። እነሱ ግን ባላቸው ቦታ ተብቃቅተው ያኮርፋሉ። ጠዋት ሻይና ዳቦውን ከአልጋው አጠገብ ካለው ሳጥን ላይ ስታስቀምጥ ኩባያውን ጠንከር አድርጋ ታሳርፈዋለች፤ ቀርቧል ማለቷ ነው። እሳቸው ጠጥተው ሲጨርሱ ኩባያውን ይደፉታል፤ ጠጥቻለሁ ማለታቸው ነው። የምትለው ነገር እንዳላት ሲጠረጥሩ የሬዲዮናቸውን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። በእነዚህ ሃያ ሁለት ቀናት ስለ ቡና ወጪ ንግድ ሁለቱም ብዙ ተምረዋል።

ቤቱ የሚገኘው በአሮጌው ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ የተለጠፈ፣ ድሮ የዘበኛ ክፍል የነበረ። ዋናውን ሕንፃ ኮልፌ ውስጥ የማያውቀው የለም። ሰባት ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት፣ በአራት ዓምድ የቆመ በረንዳ ያለው፣ ሦስት ቅስት በሮች የተደረደሩበት፣ ግድግዳው በትልልቅ ጥርብ ድንጋይ የተሠራ የሚመስል ግርማ ያለው ቤት ነው። የአካባቢው ቅርስ ኮሚቴ ያሳተመው በራሪ ጽሑፍ «በ1926 ዓ.ም. ከአካባቢው በተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ፣ በአባቶቻችን ጥበብ የታነፀ» ይለዋል። ማን እንዳነፀው ግን አልተስማሙም። አንዱ የኮሚቴ አባል አርመን ነው አለ፣ ሌላው ሕንድ ነው አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚስቱ አያት ነው አለ፤ በመጨረሻ «አባቶቻችን» በሚለው ተግባቡ፤ እሱ ማንንም አያስቀይምም። ድንጋዩን ከወንዝ በጀርባቸው ያመላለሱት እስረኞች ስለመሆናቸው በራሪ ጽሑፉ ላይ ቦታ አልበቃም። ጣሊያን ሲገባ የዱቄት መጋዘን ሆነ፤ ጣሊያን ሲወጣ ዱቄቱ ተጠርጎ ዳኛ ተቀመጠበት። ከዳኛው ወንበር በላይ ባለው ምስማር ላይ የንጉሡ ምስል ተሰቀለ፣ ወረደ፤ የሊቀመንበሩ ተሰቀለ፣ ወረደ፤ ከዚያም የግድግዳ ሰዓት ተሰቀለ፣ እሱም ቆመ። ምስማሩ እስከ ዛሬ አለ። ያንን ሁሉ ዘመን ሳይዛነፍ ያገለገለ ባለሥልጣን እሱ ብቻ ነው።

ፍርድ ቤቱ ከስምንት ወር በፊት ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ላይ ወደሚገኝ ባለ መስታወት ሕንፃ ተዛወረ። ችሎቱ አምስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ሲሠራ ይሠራል። ፀዳለ ራፖር ጸሐፊ ናት፤ በአሮጌው በር ላይ በጃንጥላ ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣ ማመልከቻ ጽፋለች። ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ የአጥር ግፊያ፣ የማንንም ገመና በገጽ መቶ ሃምሳ ብር አሳምራ ታቀርባለች። አዲሱ ሕንፃ ሥር ጃንጥላዋን ልትዘረጋ ስትል ጥበቃው «ገጽታ ታበላሺብናለሽ» ብሎ አባረራት። ስለዚህ እዚያው አሮጌው በር ላይ ቀረች። አሁን ደንበኞቿ ተሳስተው የሚመጡ ባለጉዳዮች ናቸው፤ ቀጠሯቸው ሊያልፍ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ላብ በላብ ሆነው ይደርሳሉ፣ እሷም የትኛውን ታክሲ እንደሚይዙ ትነግራቸዋለች። ይህን አገልግሎት በነፃ ነው የምትሰጠው።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። ከሁለት ወር በፊት ኮሚቴው አሮጌው ፍርድ ቤት ቅርስ ሆኖ ሙዚየም እንዲሆን ሊያስወስን መጠይቅ በተነ። መጠይቁ ለአቶ ሰይፈሥላሴም ደረሳቸው፤ በዚያ ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ዘበኛም ችሎት አስከባሪም ሆነው ያገለገሉ፣ በሕይወት ያሉ ብቸኛ ሰው ናቸውና። «የሚኖሩበት ክፍል መቼ ተሠራ?» ይላል። ፀዳለ ብልጥ ናት፤ ለዚህ ሁሉ ያበቃት ብልጠቷ ነው። ክፍሉ አሮጌ ነው ካልን ቅርስ ነው ብለው ይወስዱብናል፣ አዲስ ነው ካልን ግን ማን ይፈልገዋል? ብላ አሰበች። እናም በሚያምር የማመልከቻ አማርኛዋ «ክፍሉን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በራሴ ወጪ የጨመርኩት መሆኑን በእውነት አረጋግጣለሁ» ብላ ጻፈችና አባቷን አስፈረመች። ሽማግሌው ሦስት ቀን እምቢ አሉ። በአራተኛው ቀን፣ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጎዳና ላይ ሊጥሉኝ ነው?» ስትላቸው ብዕሩን ተቀበሏት። ይህን ያህል ዓመት ሰው በሐሰት እንዳይመሰክር መሐላ ሲያቀብሉ የኖሩ ሰው በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው የመጀመሪያውን ሐሰት በፊርማቸው አጸደቁ። ኮሚቴው መጥቶ ድንገት ቢያይ ተብሎ ደግሞ ድንጋዩ ተለሰነ፣ ተቀባ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፦ ዋናው ሕንፃ በቅርስነት እንዲጠበቅ፣ «በኋላ ዘመን የተጨመሩና ከቅርሱ ጋር የማይጣጣሙ ግንባታዎች» ደግሞ እንዲነሡ። ማብራሪያ የሚፈልግ ካለ ኮሚቴው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ይጎበኛል። አቶ ሰይፈሥላሴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አጥፈው ለልጃቸው ሰጧት። ያን ቀን ነው አንደበታቸው የተዘጋው። ፀዳለ አለቀሰች፣ ለመነች፣ «ክፍሉ አሮጌ ነው ብለው ብቻ ይንገሩልኝ» አለች። ሬዲዮው ከፍ አለ። ቅርስ ከተባለ እንደሚወስዱት ፍርሃቷ አልጠፋም፤ ግን ቆሞ ስላለ ቤት ማመልከቻ ይጻፋል፣ ስለፈረሰ ቤት ምን ተብሎ ይጻፋል?

እና ቅዳሜ ደረሰ፤ ዛሬ ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ከበሩ በላይ ያለው ልስን ተሸነፈ። ሥሩ ያለው ድንጋይ ብቅ አለ፦ በኖራ የተያያዘ፣ ክንድ ተኩል የሚወፍር ጥቁር ድንጋይ፤ ከበሩ አናት ላይ ደግሞ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፳፮ ተብሎ የተቀረጸ። በበሩ ግራ በኩል ወፍራም የብረት ቀለበት ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል። በድሮው ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ተቆራኝተው ሲመጡ፣ ዳኛው ምሳ እስኪበሉ ድረስ ከነቋጠሯቸው እዚያ ቀለበት ላይ ይታሰሩ ነበር ይባላል። ተጣልተው ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው አብረው ይበላሉ፣ አብረው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ፀዳለ ቀለበቱን በጨርቅ ወለወለችው፤ አባቷንም ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ቀለበቱን እያዩ ነበር። ስንት ዓመት ኮፍያቸውን የሰቀሉበት ነው።

በደስታ ቸኩላ የመጨረሻዋን ስባሪ ስታነሣ መሮው አመለጣት፤ ቁጥሩን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። በጭረቱ ውስጥ ያለው የድንጋይ ቀለም ነጭ ሆኖ ታየ፣ ትናንት የተቀረጸ ይመስላል። በምራቋ አሸችው፣ በጥላሸት አሸችው፣ ባሰበት። ሆድ ይፍጀው ብላ ፊቷን ታጠበች።

ኮሚቴው አራት ሰዓት ብሎ አምስት ተኩል ላይ መጣ፤ ለቅርስ መዘግየት ነውር አይደለም። ሰብሳቢው አቶ ገረሱ ናቸው፤ የታሪክ ሰው አይደሉም፣ የስብሰባ ሰው ናቸው፤ ሙሉ ልብሳቸው ላይ የሦስት ልዩ ልዩ ኮሚቴዎች ደረት ባጅ ያንጠለጥላሉ። ከእሳቸው ጋር ራዕይ የምትባል ወጣት አርክቴክት አለች፤ በአንድ እጇ ሜትር፣ በሌላው ስልክ ይዛለች፤ ፈጣን፣ ጨዋ፣ ሲያናግሯት ጌታ ይባርክዎት የምትል ልጅ ናት። የተቀሩት አራት ሰዎች ሥራቸው መሸኘትና የታሸገ ውሃ መያዝ ነው።

አቶ ገረሱ መጀመሪያ ዋናው ሕንፃ ፊት ቆመው እጃቸውን ግድግዳው ላይ ዘረጉ። «እዩት እስቲ፤ ይሄን ድንጋይ የጠረቡት ሰዎች ማሽን አልነበራቸውም። እምነት ነበራቸው» አሉ። ራዕይ ግድግዳውን በጣቷ ቆረቆረች፤ ጆሯን አስጠጋች፤ እንደገና ቆረቆረች። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ከአቶ ገረሱ እጅ ላይ ያለውን በራሪ ጽሑፍ አይታ ዘጋችው። ጽሑፉ አምስት መቶ ኮፒ ታትሟል።

ከዚያ ወደ ጀርባ ዞሩ። ፀዳለ የተሰባበረው ልስን መሀል ቆማ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሌላ ሰው የጻፈችውን ዐይነት ንግግር አዘጋጅታለች፤ «ክቡራን የኮሚቴ አባላት» ብላ ጀመረች፤ ቀሪው ጠፋባት። በጣቷ ወደ ቁጥሩ አመለከተች። አቶ ገረሱ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀረብ አሉ፣ ጭረቱን በጥፍራቸው ነኩት፤ ነጭ ዱቄት ወጣ።

«እህቴ፣ ይሄ ትኩስ ነው» አሉ በሐዘኔታ።

«ኧረ በፈጠረዎት! መሮው አምልጦኝ ነው የጫርኩት። ቁጥሩ የነበረ ነው።»

«መሮ ነበር በእጅሽ?»

«አዎ፣ ልስኑን ሳነሣ...»

«ልስኑንስ ማን ለሰነው?»

አቶ ገረሱ ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡና ረጋ ብለው አነበቡ፤ የፀዳለን የራሷን አማርኛ፣ ከነነጥብ ሰረዙ፣ «በእውነት አረጋግጣለሁ» የሚለውን ጭምር። ማመልከቻዎቿ የማያሻሙ ናቸው ተብላ በአካባቢው የምትመሰገን ሴት፣ የማያሻማ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ዛሬ ገባት። ከኋላ ቆመው ከነበሩት አንዱ ሳቀ። ራዕይ ግን ድንጋዩን እያየች፣ «አቶ ገረሱ፣ ኖራው ግን... ይሄ ኖራ የድሮ ነው የሚመስለው። ላቦራቶሪ ቢታይ...» አለች። «ልጄ፣ የላቦራቶሪ በጀት የለንም። ያለን የሰው ቃል ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ቃል የሰጡት አባት ካሉ ይጠየቁ። ካልሆነ ሰኞ አፍራሽ ይመጣል።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ፀዳለ ሬዲዮው ከፍ እስኪል ጠበቀች። ሬዲዮው ጠፋ።

አቶ ሰይፈሥላሴ ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የድሮ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ በከዘራ ተደግፈው ወጡ። ልጃቸውን አላዩአትም። ሰብሳቢው ፊት ሲደርሱ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አስምሉኝ» አሉ።

«አባታችን፣ መሐላ አያስፈልግም፤ እንዲያው እንደ ጨዋታ...»

«እኔ ለጨዋታ አልወጣሁም። አስምሉኝ።»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። መሐላ እንዴት እንደሚቀርብ የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ስልኩ ላይ ሊፈልግ ጀመረ። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁ፣ ታከታቸው። ቀኝ እጃቸውን አነሡና በዚያ ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያሰሙት በኖሩት ድምፅ፣ «እውነቱን ልትመሰክር፣ ብትዋሽ የምታምነው አምላክ ሊፈርድብህ ትምላለህ?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እምላለሁ» ብለው ራሳቸው መለሱ። ማንም አልሳቀም።

«በወረቀቱ ላይ ያለው ቃሌ ሐሰት ነው» አሉ። «ያስፈረመኝ ሰው የለም፤ እጄ የኔ ነው። እዚህ ግቢ በ1955 ስቀጠር ይሄ ክፍል ነበረ፣ ቁጥሩም ነበረ፣ ቀለበቱም ነበረ። ከእኔ በፊት የነበሩት የዘበኞች አለቃ ድንጋዩ ሲመጣ ያዩ ሰው ነበሩ፤ ቁጥሩ የተቀረጸ ዕለት ዝናብ እንደነበረ ሁሉ ነግረውኛል። ይሄ አንድ። ሁለተኛ» አሉና ወደ ዋናው ሕንፃ ዞሩ። «ያ ከፊት ያለው አዳራሽ በ1966 ተቃጥሏል። መዝገቡም፣ ግድግዳውም፣ ምንም አልተረፈም። የተረፈው ምስማሩ ብቻ ነው፤ በኋላ መልሰን መታነው። በ1968 በብሎኬትና በሲሚንቶ ተሠራ። ድንጋይ እንዲመስል ሲሚንቶው ሳይደርቅ መስመሩን በምስማር ያሰመርነው እኔና ሁለት የቀን ሠራተኞች ነን። የእኔ መስመር ትንሽ ጠማማ ነው፤ በስተቀኝ በኩል ከሦስተኛው መስኮት በታች ታገኙታላችሁ።»

ራዕይ ሮጣ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል። «ጠማማ ነው» አለች።

አባቷ ይህን ሲሉ ፀዳለ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ታለቅስ ነበር። ሐፍረቱን ሁሉ ለብቻቸው እንደወሰዱላት ገብቷታል። «ያስፈረመኝ ሰው የለም» ያሉት ቃል ከሃያ ሁለት ቀን ዝምታ ይልቅ ጎዳት።

ኮሚቴው ሊመካከር ወደ በረንዳው ሄደ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ሁለት ካርቶን ውሃ አለቀ። አምስት መቶ በራሪ ጽሑፍ ቀላል ነገር አይደለም። ሲመለሱ የአቶ ገረሱ ፊት በርቶ ነበር፤ ከችግር መውጫ ያገኘ የስብሰባ ሰው ፊት። ኮሚቴው የደረሰበትን አበሠሩ፦ ዋናው ሕንፃ በ1926 የታነፀ መሆኑ በራሪ ጽሑፉ ላይ ስለተገለጸ እንዳለ ይጸናል፤ የዘበኛው ክፍልም በኮሚቴው ጥልቅ ጥናት በዚያው ዓመት የተሠራ መሆኑ ስለተደረሰበት «የቅርሱ እምብርት» ተብሎ ይመዘገባል። በድምፅ ብልጫ ነው። ሲሚንቶው በአንድ ተቃውሞ የዘጠና ዓመት ድንጋይ ሆነ። ተቃውሞዋ የራዕይ ነበረች።

ፀዳለ አልሰማችውም። የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አይፈርስም። እልል ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ የአቶ ገረሱን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፣ አቧራዋ እጅጌያቸው ላይ ቀረ። «እግዜር ይስጥዎት፣ እግዜር ይስጥዎት» አለች። እሳቸውም «ሥራችን ነው» አሉ።

ከዚያ ምዝገባው ተጀመረ። ራዕይ ወደ ክፍሉ ገብታ እያንዳንዱን ነገር እየለካች፣ ፎቶ እያነሣች ትጽፋለች፣ አቶ ገረሱ ከበሩ ሆነው ጮክ ብለው ይናገራሉ። «የዘበኛው ክፍል እንደነበረ ይጠበቃል። ቁጥር አንድ፣ የብረት አልጋ ከነፍራሹ። ቁጥር ሁለት፣ የእንጨት ሳጥን። ቁጥር ሦስት፣ የግድግዳ ቀለበት። ኮፍያው የት ሄደ? አዎ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ነው፤ ቁጥር አራት፣ ኮፍያ። ቁጥር አምስት፣ ሬዲዮ።»

«ሬዲዮው የቻይና ነው» አለች ፀዳለ።

«ይቆይ፤ ዘመኑን ያሳያል።»

ፀዳለ ስሌቱ ገና እየገባት ነበር። «እሺ፣ ሁሉም ይቆያል። እና አባቴስ?»

አቶ ገረሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እህቴ፣ ቅርስ ውስጥ ሰው አይኖርም። እሳት ይነድዳል፣ ወጥ ይሠራል፣ እርጥበት አለ። አሥራ አምስት ቀን በቂ ነው ብለናል። ክፍሉ የመንግሥት ነው፣ በስማችሁ አይደለም፤ ምትክን በተመለከተ የሚመለከተውን አካል መጠየቅ ነው።»

«ሰኞ አፍራሽ ይመጣል ያሉኝ እና ይሄ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«በጣም ትልቅ ልዩነት አለው! አሁን ቤቱ ለትውልድ ይተርፋል» አሉ፤ ከልባቸው ነው። ከዚያ ሽማግሌውን አይተው አሳዘኗቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «አባታችንም በፈለጉ ጊዜ መጥተው መጎብኘት ይችላሉ። ለጡረተኛ ግማሽ ዋጋ ነው።»

የመጀመሪያው ፍርሃቷም ልክ ነበር፣ ሁለተኛውም ልክ ነበር። ክፍሉ አዲስ ከሆነ ይፈርሳል፣ አሮጌ ከሆነ ይወሰዳል፤ ለእሷ የሚሆን ዕድሜ አልነበረውም። ፀዳለ አልጋው ላይ ልትቀመጥ ፈለገች፤ ቁጥር አንድ መሆኑ ትዝ ሲላት ቆመች።

አቶ ሰይፈሥላሴ ይህን ሁሉ የሰሙት ውሳኔ ሲነበብ እንደሚቆመው ቆመው ነው። ንባቡ ሲያልቅ ከዘራቸውን አንሥተው በዋናው ሕንፃ ዙሪያ ቀስ ብለው ሄዱ። ሰባቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወጡ። በረንዳው ላይ፣ ድሮ ባለጉዳይ የሚጠሩበት ቦታ ላይ ቆሙ። የዚያን ቦታ ሥርዓት ዕድሜያቸው የገፋ የኮልፌ ሰዎች ሁሉ ያስታውሱታል፦ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። በሦስተኛው አቤት ያለ ይገባል፤ ያላለ መዝገቡ ይዘጋል። ደጃዝማችም ቢሆን፣ ሚኒስትርም ቢሆን አራተኛ ጥሪ የለም። ሰይፈሥላሴ ለማንም አራት ጊዜ ጠርተው አያውቁም፤ አንድ ጊዜ ለገዛ አማቻቸው እንኳ።

ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«አመልካች ሰይፈሥላሴ ወልደሰንበት!»

ድምፁ ከሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው የወጣ አይመስልም። መንገድ ላይ ያለ ታክሲ ረዳት አንገቱን አወጣ። ኮሚቴው ዝግጅት መስሎት ተሰበሰበ፤ አቶ ገረሱ ስልካቸውን ከኪሳቸው ለማውጣት ይታገሉ ጀመር።

«አመልካች ሰይፈሥላሴ ወልደሰንበት!»

ግቢው ባዶ ነው። ድሮ ቢሆን ጥላው ሥር፣ አጥሩ ሥር፣ ደረጃው ላይ ሰው ሞልቶ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ «እሱ ነው፣ ግባ፣ ግባ» ይለው ነበር። አሁን የኮሚቴው ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ናቸው የሞሉት። ፀዳለ ከጀርባ ስትሮጥ መጣች፤ ነጠላዋ ልስኑ ላይ ቀርቷል።

«አመልካች ሰይፈሥላሴ ወልደሰንበት!»

«አቤት!» አለች ፀዳለ።

ሽማግሌው ወደ ታች አዩአት። ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ ነው ዐይን ለዐይን የሚያዩአት። «አንቺ ማነሽ?» አሉ፤ ያው የችሎት ድምፅ ነው።

«ልጁ ነኝ። ስለ እሱ ቀርቤያለሁ።»

«እንግዲያው ወረቀትሽን አምጪ፤ አቤቱታ እንጽፋለን» አሉ። «ዛሬ ግን እኔ የምልሽን ነው የምትጽፊው።»

ፀዳለ እየሮጠች በር ላይ ወዳለው ጃንጥላዋ ሄደች፤ ጠረጴዛዋን በጭንቅላቷ፣ ወንበሯን በብብቷ ይዛ ተመለሰችና ደረጃው ሥር ዘረጋችው። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ይህን ጊዜ ነው የአቶ ገረሱ ስልክ በመጨረሻ ከኪስ የወጣው። አጨበጨቡ፤ ሌሎቹም ተከትለው አጨበጨቡ። «ድንቅ ነው!» አሉ። «በየቅዳሜው ለጎብኚ ቢያሳዩልን እንዴት ያለ ነገር ነበር! አባታችን፣ መጀመሪያው አልተቀረጸልኝም፤ አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ።»

አቶ ሰይፈሥላሴ ቁጥር አራት የተባለውን ኮፍያቸውን አወለቁና ለአቶ ገረሱ ዘረጉላቸው።

«ሦስት ጊዜ ተጠርቷል» አሉ። «አራተኛ የለም።»

ከዚያም ደረጃው ላይ ተቀመጡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቀኑን ጻፊ» አሏት።